ምስማር ያልነካው ወንፊት

አከራይዋን አንቱ እያልኩ ላወራላችሁ አስቤ ነበር፤ በዕድሜ እናት ትሆናለችና። ግን ነገሩን ከሥሩ ስትሰሙ እናንተም አንቱታውን መንሳታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ አንቺ ብያት ልገላገል።

ፌንጣ ግን አንቱ ነው የምትላት፤ «እትዬ» ነው የምትላት። ተከራይ ምን ምርጫ አለው?

ፌንጣ ፍራሽ ሰፊ ናት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ፍራሽ ቤት የገባች ሰሞን አንድ ደንበኛ የሰፋችውን ፍራሽ በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጆንያ ነው?» ቢል ከመቀመጫዋ የዘለለችው ዝላይ ነው ስሙን ያመጣው። ቀጭን ናት፤ እግሯ ረጅም ነው፤ ከተናደደች ደግሞ ቁጭ ብሎ መናገር አይሆንላትም። ደንበኛው ፍራሹን ተሸክሞ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው የወጣው።

ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ቤት ነው የኖረችው። ድሮ እናቷ እሷን አዝለው ከግቢ ግቢ ይዞሩ ነበር፤ አሁን እሷ እናቷን ይዛ ትዞራለች። አከራይ ደግሞ በሌላው ሁሉ ቢለያይ በአንድ ነገር ይስማማል። አንዱ በውኃ ይነዘንዛል፣ አንዱ መብራት ያጠፋል፣ አንዱ እንግዳ አይወድም፤ ምስማር ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «ግድግዳዬን እንዳትነኪ!» በዚህ ምክንያት የፌንጣ መስታወት ወንበር ተደግፎ ነው የሚኖረው። ልብሷ በሻንጣ ነው። የሟች አባቷ ፎቶ በመስታወት ክፈፍ ገብቶ የውኃ ጀሪካን ተደግፎ ይቆማል፤ ጀሪካኑ ውኃ ሲጎድለው ይንሸራተታል፣ አባትየውም በጀርባቸው ይወድቃሉ። «አባትሽ ደግሞ ተኙ» ይላሉ እናቷ። ይሥቃሉ። ፌንጣ አትሥቅም። ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ግድግዳ ማጣቱ ያንገበግባታል።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ።

የተከራየችው ክፍል ከግቢው ጥግ ያለው ነው። ከአጥሩ ጀርባ የማይፈስ ቦይ አለ፤ አረንጓዴ ውኃ አቁሮ የቢንቢ ማርቢያ ሆኗል። ቤቱ አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ ላይ ቢንቢ እንዳይገባ የተወጠረ ወንፊት ሽቦ ነበረ፤ «ነበረ» ነው እንግዲህ የምለው። ጥጉ ተቀዶ ድመት ያሾልካል። ፌንጣ ልትሰፋው ሞክራ ነበር። ሽቦው ዝጎ ኖሮ መርፌው በነካው ቁጥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል፤ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላ ይከፈታል።

«መስኮቱን ዝጉት» ትሉ ይሆናል። የፌንጣ እናት አስም አለባቸው። አገሩ ቆላ ነው፤ በዚያ ሙቀት መስኮት ሲዘጋ ደረታቸው ያፏጫል፤ ተነሥተው ቁጭ ይላሉ፤ አየር ፍለጋ አፋቸውን እንደ ዓሣ ይከፍታሉ። ሲከፈት ደግሞ ቢንቢ። በዚሁ መሀል ወባ ያዛቸው። በሳምንቱ ከአልጋ ሲነሡ ከእሳቸው የቀረው ቆዳና ዓይን ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፌንጣን ወደ ጎን ጠርታ «እህቴ፣ ይኼ በሽታ ከደገማቸው አይችሉትም» አለቻት። እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ያቺ ቀዳዳ ካልተደፈነች የፌንጣ እናት ይሞታሉ።

ፌንጣ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ አከራይዋ ዘንድ ሄደች። አከራይዋ በረንዳዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ታራግብ ነበር።

«እትዬ፣ የመስኮቱ ወንፊት አልቋል። አዲሱን እኔው ልግዛና ልምታበት።»

«ምን ልምታበት?» ማራገቡ ቆመ። «ምስማር?»

«ትንንሽ ምስማር ናት፤ ለዓይንም አትታይ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በገዛ እጁ የገጠመው መቃን ነው። እኔ በቁሜ ሌላ ሰው ምስማር አይመታበትም። ያንን አሮጌውንም እንዳትነቅይው፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።»

«እናቴን እኮ ወባ ሊገድላት ነው፣ እትዬ!»

«መስኮቱን ዝጊዋ።»

«ሲዘጋ ትታፈናለች። አስም እንዳለባት ያውቃሉ።»

«እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?» አለችና ማራገቢያዋን አነሣች። ቀጥላም የፌንጣ ፊት ሲለዋወጥ አይታ «በቃ፣ የሚሠራ ሰው እልክልሻለሁ» አለች።

ላም አለኝ በሰማይ! ሠራተኛው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል፤ አንዴ ለቅሶ ሄደ፣ አንዴ መሰላሉ ተሰረቀ። መሰላል ለምን እንዳስፈለገው እግዜር ይወቅ፤ መስኮቱ ከወገብ ከፍ አይልም። በመጨረሻ ፌንጣ ስትመላለስ የሰለቻት አከራይ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ድሮ ወንፊት የሚባል ነገር የት ነበር? እኛስ ያለሱ አላደግንም?» አበስኩ ገበርኩ! እንዲህ የምትለው እኮ የራሷ መስኮቶች ከመሬት እስከ ጣሪያ በወንፊት ተሸፍነው ነው።

ፌንጣ በማግስቱ ሥራ ቦታ ስትገባ ቆሽቷ አርሯል። ፍራሽ ቤቱ ውስጥ ጥጥ የሚያፍታቱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከራሳቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ስለሆኑ ሁሉም «ጋሼ ጥጥ» ነው የሚላቸው። ፌንጣ መርፌዋን እያጮኸች፣ ክሯን እየበጠሰች ጉዷን ዘረገፈችላቸው። ጋሼ ጥጥ ሲሰሙ ቆዩና በአፍንጫቸው የገባውን ጥጥ አስነጠሱ።

«ይማረኝ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ፍራሽ አልጋ ላይ የሚቀመጠው በምስማር ተመትቶ ነው?» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠየቅኩሽ። ልክ ከሆነ ይቀመጣል፣ ልክ ካልሆነ ይንሸራተታል። አለቀ።»

ፌንጣ መርፌዋን ይዛ ፈዘዘች። ከዚያ ዘለለች። ይህኛው ዝላይ ግን የቁጣ አልነበረም።

አራት ቀጫጭን ጣውላ ከመስኮቱ ውስጥ ትንሽ አነስ አድርጋ አስቆረጠች። ጥጉን በኮላ አጣበቀች፤ በኮላ ብቻ አላመነችም፣ በፍራሽ ክር ጠፍራ አሰረችው። አዲሱን ወንፊት በላዩ ዘርግታ ዙሪያውን በሸራ ጠርዝ ሰፋችው። ሸራው ውስጥ እንደ ፍራሽ ጠርዝ ስፖንጅ ጠቀጠቀች፤ መቃኑ ውስጥ ሲገባ ስፖንጁ ተጨብጦ ዙሪያውን እንዲይዝ ነው። መዶሻ አልነካችም። ከአሮጌው ወንፊት ፊት፣ ከውስጥ በኩል፣ በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ከተተችው። ገባ። ደስታዋን እዩልኝ!

ጠዋት ስትነሣ የእናቷ ክንድ ተበልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራሽ ሰፊ ክር ከያዘ እጁ መወጠር ነው የሚያውቀው፤ ጨርቁ ካልጮኸ የሰፋ አይመስለውም። ፌንጣም ወንፊቱን እንደ ፍራሽ ልብስ ግጥም አድርጋ ወጥራው ነበር፤ እንጨቱ ደግሞ ቀጭን ነው፣ አልቻለም፣ ወገቡ ወደ ውስጥ ገባ። በግራና በቀኝ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተፈጠረ። ሌላ ሰው ቢሠራው ላላ ብሎ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሳሳት ፍራሽ ሰፊ ብቻ ነው። ፌንጣ የራሷን እጅ ረገመች፣ ክሩን ሁሉ ፈታች፣ መሀሉ ላይ ወገብ የሚሆን አግዳሚ እንጨት ጨመረች፤ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇን እየተቆጣች፣ ላላ አድርጋ እንደገና ሰፋች።

በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ቢንቢ አልገባችም። እናቷ በተከፈተ መስኮት ሥር አንኮራፍተው ተኙ። የእናትን ማንኮራፋት እንደ ዘፈን የሰማች ልጅ ካለች ፌንጣ ናት።

ወሬው በግቢው ተሰማ። ጎረቤቶች እየመጡ ወንፊቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። አከራይዋም መጣች፤ ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ መስኮቱ።

«ምስማር መትተሻል!»

«አልመታሁም፣ እትዬ።»

«ያለ ምስማር እንዴት ቆመ? እኔን ልታታልይኝ?» አለችና ጣቷን በጠርዙ ላይ እያስኬደች ምስማር ፍለጋ ዞረች። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። አላገኘችም። «እውነትም ምስማር የለውም» አለች፤ ቅር እንዳላት ከድምጿ ያስታውቃል። «እንዲያ ከሆነ ይሁን።»

ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ከአንደበቷ የወጣች ናት።

ጥቂት ቆይታ ፌንጣን ጠራቻትና «የእኅቴ ልጅ ከሩቅ ሊመጣ ነው፤ ክፍሉን ስለምፈልገው ልቀቂልኝ» አለቻት። ምን ይባላል? የሰው ቤት ነው። ፌንጣ ቤት ፍለጋ እግሯ እስኪቃጠል ዞረች፤ አገኘችም። ታዲያ አንድ ቀን ለምሳ ቤት ሳለች በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አከራይዋ ናት፤ ከኋላዋ ሕፃን ያዘለች አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማለች። ይኼኔ የእኅት ልጅ የተባለው ተረት መሆኑ ገባት። እሱስ ይሁን። አከራይዋ ግን ወደ መስኮቱ ጠቁማ ምን አለች መሰላችሁ?

«ለሕፃን የሚመች ቤት ነው። ወንፊቱን አየሽው? አዲስ ነው። እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

እኔ ነኝ ያሠራሁት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲሁ ነው ያለችው፤ የሠራችው ሴት ጉርሻዋን ይዛ እዚያው ቁጭ ብላ! ፌንጣ ለመዝለል ስትነሣ እናቷ ቀሚሷን ጨምድደው ያዙ። «ተይ፣ ልጅቷ ፊት አይሆንም» አሉ በለሆሳስ። ልጅ እግሯ ሴት አንገቷን ደፍታ «ጥሩ ነው» አለች። ድምጿ ለጆሮም አይደርስ።

የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። ዕቃው ጋሪ ላይ ተጫነ፣ እናትየው ፎቶውን አቅፈው ተቀመጡ። ፌንጣ ለወንፊቱ ስትመለስ አከራይዋ በሩን ሞልታ ቆማለች።

«የቤቱን ዕቃ እንዳትነኪ።»

«የቱን የቤት ዕቃ?»

«መስኮት ላይ ያለ ነገር የመስኮቱ ነው። መስኮቱ የኔ ነው።»

አሁን እናቷ ሩቅ ናቸው፤ ቀሚስ የሚይዝ የለም። ፌንጣ ዘለለች። «እትዬ! እናቴ ልትሞት ደርሳ ‹ምስማር አትምቺ› ብለው ሲከለክሉኝ መስኮቱ የእርስዎ ነበር፤ እሺ አልኩ፤ አልመታሁም! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በጣትዎ ፈትሸው ‹ምስማር የለውም› ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን አንድ፣ አንዲት ምስማር ብቻ ያሳዩኝና ወንፊቱን ትቼልዎ ልሂድ!»

ከጎረቤቶቹ አንዷ «እውነቷን ነው!» አለች። ሌላውም ጉሮሮውን ጠረገ። ፌንጣ ጠርዙን ይዛ ሳብ ስታደርገው ወንፊቱ ብቅ ብሎ ወጣ። በአከራይዋ አጠገብ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣው፣ ቀና ብላ አለፈች። ከኋላ የቀረው ያ የበሰበሰው ሽቦ ነው፤ ከነቀዳዳው።

አዲሱ ቤት ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ፌንጣ ከልማዷ «ጋሼ፣ ምስማር መምታት ይፈቀዳል?» ብላ ስትጠይቀው ሳቀባት። «የኔ እመቤት፣ ግድግዳ ነው እኮ፤ የኔ ቆዳ አይደለም። ምቺ!» አለና መዶሻ አቀበላት። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ምስማር ልትመታ ነው። አንዴ አውራ ጣቷን ቀጠቀጠችው። ግን ገባ። አባቷን ሰቀለቻቸው። እናቷ ፎቶውን ሲያዩ ቆዩና «አሁን ቀና አሉ» አሏቸው፤ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ፌንጣ የመስኮቱንም አዲስ ወንፊት እየመታች ገጠመች፤ ያመጣችው ለዚህ መስኮት በጣም ሰፊ ነበር፣ አይገባም። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

እንዲህ ቆሞ ሰነበተ። እናትየው አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩታል። አንድ ቀን ፌንጣ ከሥራ ስትገባ «ያ መስኮት አሁን ባዶውን ነው?» አሏት።

«የቱ መስኮት?»

«ያ ሕፃን ያዘለችው ልጅ የገባችበት።»

«እኔ ምን አገባኝ! ያቺ ታሠራላት! ‹እኔ ነኝ ያሠራሁት› አላለችም? ትሥራዋ!»

«አታሠራላትም።»

«ታዲያ ይዤው ሄጄ ለዚያች ሴት ላስረክብ? እማዬ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ! በኔ ቁስል እንጨት የሰደደች ሴት ናት!»

«ለእሷ ስጪ አልኩሽ?» አሉ እናቷ። «እሷ እንደሆን በወንፊት ተሸፍና ተኝታለች። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል? ሕፃኑ ምን አደረገሽ? ይኸውልሽ፣ እኔ ያንን ወባ አውቀዋለሁ። የአንድ ክንድ ልጅ አይችለውም።»

ፌንጣ ስትረታ የባሰ ነው የምትናደደው። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንፊቱን አንሥታ ወጣች፤ በመንገዱ ሁሉ አከራይዋን፣ ቢንቢውን፣ ቦዩን፣ የራሷን ሆድ ጭምር እየረገመች ሄደች።

አከራይዋ በረንዳዋ ላይ ነበረች። ፌንጣ የተሸከመችውን ስታይ ፊቷ በራ። «እሰይ! ልብ ገዛሽ ማለት ነው። እዚያ ጋ አስቀምጪው።»

ፌንጣ ዞር ብላም አላየቻት። አልፋ ሄዳ የድሮ በሯን አንኳኳች። ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቷን መታት። መስኮቱ ተዘግቷል። የልጅ እግሯ ሴት ፀጉር ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ይነጫነጫል፣ ጉንጩ በቀይ በቀይ ነጥብ ተሞልቷል።

«ወንፊት አለው ብለውኝ ነበር» አለች፤ ጥፋቱ የሷ ይመስል።

«ዝጊልኝ እስቲ አፍሽን፣ አንቺ ምን አጠፋሽ!» ብላ ፌንጣ ገባች። መስኮቱን ከፈተች። ወንፊቱን በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ከተተችው፤ እንደ ድሮው ገባ። «እዪ፣ እዚህ ጋ ይዘሽ ስትስቢው ይወጣል፤ ታጥቢዋለሽ፣ ትመልሽዋለሽ። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ካሁን በኋላ ያንቺ ነው፤ የቤቱ አይደለም። ውስጡም ዙሪያውም አንዲት ምስማር የለችበትም። ስትለቂ ይዘሽው ውጪ።»

ሴትዮዋ ለማመስገን አፏን ስትከፍት በሩ ጨለመ። አከራይዋ ናት።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ግቢዬ የገባሽው? ደግሞ ምን ያንቺ፣ ያንቺ ትያለሽ? በቤቴ ውስጥ ያለ ሁሉ የኔ ነው!» ከዚያ ወደ ተከራይዋ ዞረች። «ወንፊትም አገኘሽ፤ እንግዲህ በኪራዩ ነገር እንደገና እንነጋገራለን።»

ፌንጣ ልትዘል ወገቧን አጠበቀች።

«እትዬ» አለች ልጅ እግሯ ሴት። ድምጿ አሁንም ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ያ የሚጠፋው ድምፅ አይደለም። ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና ከመስኮቱ አጠገብ ገለል ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «የቤቱ ከሆነ ምስማሩን ያሳዩኝ።»

አከራይዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ፣ እናንተ ሆዬ፣ እውነት እንደሚገኝ ሁሉ ሄዳ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ከላይ አስኬደችው፣ በጎን አወረደችው፣ ከታች አዞረችው፤ ከጀመረችበት ቦታ ደረሰች። ፌንጣ እግሯን አጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ሕፃኑም በተከፈተው መስኮት የገባው አየር ፊቱን ሲነካው እንቅልፍ ወሰደው።